ለዘሀራ የጨመርሁላት አንድ ፍሬ

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አገር፣ መድኃኒት በማደል ሥራ እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም። ራሴን ለመካብ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚሉትን ነው የምጽፈው። ከጤና ጣቢያ ዘበኝነት ተነሥቼ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። የኮሌጅ ደጅ ሳልረግጥ፣ ከኮሌጅ የወጡት «ሰይድን ጠይቁት» እስኪሉ ደርሻለሁ። እንግሊዝኛንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተማርሁት በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚመጣው ስስ ወረቀት ነው። ሌላው ሰው ካርቶኑን ሲከፍት ያን ወረቀት ይጥለዋል። እኔ አንሥቼ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበው ነበር። ዛሬም ቤቴ ውስጥ ሁለት ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ።

ይህን ያስቀደምሁት፣ ቀጥሎ የምጽፈው ነገር የአላዋቂ ስሕተት እንዳይመስል ነው። አዋቂ ነበርሁ።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቁልፉን የተረከበችኝ ትዕግሥት የምትባል ፋርማሲስት ናት። ሁለታችን መደርደሪያ መደርደሪያውን እየቆጠርን ሳለን እንዲህ አለችኝ፤

«ጋሽ ሰይድ፣ ሉባባ የምትባለውን ያውቋታል? ከጅዳ የተመለሰችውን፣ ገበያው ዳር አባያና ሻርፕ የምትሸጠውን?»

«አውቃታለሁ።»

«አስሟ ብሶባታል። ሐኪሙ በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ያዝላታል፤ እሷ ግን አልነካም ትላለች። እናቴን የገደላት እሱ ነው፣ ከጅዳ የላክሁላትም እኔ ነኝ አለችኝ። ባለፈው ከንፈሯ ጠቁሮ ነው ያመጧት። እንዲህ ከቀጠለች አንድ ቀን ሳትደርስልን ትቀራለች። እርስዎ ያኔ እዚህ ነበሩ፤ እውነት ፓፉ ነው እንዴ?»

«የቆየ ነገር ነው ልጄ» አልኋትና መቁጠሬን ቀጠልሁ። ያን ቀን ቆጠራ ተሳሳትሁ። ከዚያ በፊት ተሳስቼ አላውቅም።

ትዕግሥት ያላወቀችውን አሁን እጽፋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

የተቀጠርሁት ውጫሌ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ በዘበኝነት። ደመወዙ ይለፈን። በዚያ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያድለው ጋሽ ይማም የሚባል ድሬሰር ነበር። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሲሠራ አየው ነበርና አንድ ቀን «ቆመህ ከምታይ ግባና ትሪውን እጠብ» አለኝ። ትምህርት ቤቴ እሱ ነው።

ክኒን ሲቆጥር በእጁ አይነካም። በቢላ ጫፍ ነበር፣ አምስት አምስቱን እየገፋ። ከአንድ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲሻገር ትሪውን በአልኮል ይወለውላል። ማንበብ ለማይችል ሰው በፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሥላል፤ የጋሽ ይማም ፀሐይ ሁልጊዜ ስምንት ጨረር ነበራት፣ አንድም ጊዜ ሰባት አድርጎ አያውቅም። ከዚያም የነገረውን በሽተኛው መልሶ ሳይነግረው አይለቅም።

«ምን አልሁህ?»

«ጧት አንድ፣ ማታ አንድ።»

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«ካገኘሁ በኋላ» አለው አንድ የጎልቦ ገበሬ፤ ጋሽ ይማም ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ለዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የአስም ይሁን የሚጥል በሽታ፣ ሊወስድ ሲመጣ ዝም ብሎ አይሰጠውም። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ በእጁ ጀርባ የሰውየውን አንገት ይነካል። ትኩሶ ካገኘው ልኩን ይቀንስበትና «በሦስተኛው ቀን ተመለስ» ይለዋል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰው ያጉረመርማል፣ እሱ ግን አይሰማም።

«ለምን ትቀንሳለህ ጋሼ? ወረቀቱ ሁለት ነው የሚለው» አልሁት አንድ ቀን።

«ትኩሳት ያለበትን ሰው መድኃኒት ይከብደዋል።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሦስት ሰው ላይ አይቻለሁ፤ አንዱን ቀብሬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንተ ድረስበት፤ አንባቢው አንተ አይደለህ?»

ጋሽ ይማም ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ያዝሁ። የቢላውን ጫፍ ያዝሁ፣ የአልኮሉን ጨርቅ ያዝሁ፣ ፀሐይና ጨረቃውን ከእሱ አሳምሬ ሣልሁ። አንገት መንካቱን ግን ተውሁት። ምክንያቱን ሊነግረኝ ያልቻለውን ነገር የሽማግሌ ልማድ አድርጌ ቆጠርሁት። በየትኛውም ወረቀት ላይ አላየሁትም፤ በወረቀት ላይ ያላየሁትን ደግሞ አልሠራም ነበር። ሰው በራሱ ሲማር እንዲህ ነው፤ ያስተማረውን ወረቀት እንደ አባቱ ያምነዋል።

ስሜ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመስከረም የግሸን ተሳላሚ ሲጎርፍ ከተራራው ሥር ድንኳን ተክለን እንሠራ ነበር። አውቶቡሱ ካራገፈው በኋላ ሽቅብ የሚወጣው ሕዝብ፣ ልቡ የደከመው፣ እግሩ የተላጠው፣ ሁሉም በኔ እጅ ያልፋል። «ማርያም ትባርክህ» ይሉኛል፣ «አሚን» እላለሁ። አንድ ቄስ የያዙትን ከረጢት አስፈትሼ፣ በሁለት ስም የተጠራ አንድ ዓይነት የደም ግፊት ክኒን እጥፍ ሲወስዱ እንደኖሩ ያገኘሁት በዓይኔ ብቻ ነው። አብሮኝ የነበረው ሐኪም አላየውም። «እስላሙ ሰይድ የግሸን ሐኪም ሆነ» ተባለ በአምባሰል ሁሉ። እኔም አላስተባበልሁም።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ተዛወርሁ። ብዙ አለቆች አይቻለሁ። አንዱ ማህተም ያላረፈበትን ነገር በዓይኑ ማየት አይወድም ነበር፤ አንዱ ደግሞ ስሜን ሳይጠራ «መድኃኒት» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሁሉም ግን ሲቸግራቸው ወደኔ መስኮት ይመጣሉ። የሦስት ቀበሌን ሕመምተኛ ልክ በቃሌ አውቅ ነበር። መዝገብ ሳልከፍት «ያንተ አንድ ከግማሽ ነው፣ ያንቺ ሁለት ነው» እያልሁ እሰጣለሁ፤ ሰልፉ ደቂቃ አይቆምም።

ዘሀራ፣ የሉባባ እናት፣ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ቤቷ ከሐይቁ ዳር ነው፤ ሽንኩርት ታለማለች። አስም ነበረባትና ቴኦፊሊን የሚባለውን ክኒን ጧት አንድ ማታ አንድ ለዓመታት ወስዳለች። ይህ መድኃኒት ጠባብ መንገድ ነው ያለው፤ ትንሽ ሲያንስ አይሠራም፣ ትንሽ ሲበዛ ይመርዛል። ለእሷ ልኩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አልተሳሳትሁምም። መስኮቱ ላይ ክርኗን ጥላ ትቆማለች።

«ሰይዶ፣ ያ ወረቀትህ ስለኔ ምን ይላል?»

«መቶ ዓመት ትኖራለች ይላል።»

«ዋሾ! ለባሌም እንዲሁ ብለኸው ነበር።»

ሉባባ በዚያን ጊዜ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለእናቷ በአገር ልጅ እጅ ፓፍ ላከችላት። ዘሀራ ይዛው መጣችና አጠቃቀሙን አሳየኋት፤ ወዝውዢው፣ አየር አስወጪ፣ ስትጫኚው ሳቢ፣ እስከ አሥር ቁጠሪ። ጥሩ መድኃኒት ነበር። ወረቀቱንም አንብቤዋለሁ።

በነሐሴ ዝናብ ዘሀራን ሳንባዋን አመማት። ነርሷ አይታ አሞክሳሲሊን ጻፈችላትና ወደኔ መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ክርኗን አልጣለችም፤ በሁለት እጇ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛለች።

«ሰይዶ፣ ልቤ ይደልቃል። ያቅለሸልሸኛል። እጄን እየው፣ ይንቀጠቀጣል።»

«ትኩሳቱ ነው። አብሽሪ። ትንፋሽሽስ?»

«አጠረኝ።»

«እንግዲያው የአስሙን ክኒን አንድ ጨምሪበት፤ ቀትር ላይ። ትኩሳቱ እስኪወርድ።»

«አንተ ካልህ» አለችኝ። ከኋላዋ ሃያ ሰው ያህል ነበር። እጄን በመስኮቱ አላወጣሁም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወንድሟ በባጃጅ አመጣት። ሰውነቷ ይወራጭ ነበር፤ ጥርሷ ተገጥሟል። ወደ ደሴ ስንልካት እኔም አብሬ ተሳፈርሁ። ደሴ ሳንደርስ አረፈች። ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ነበር።

ከጀናዛው ማግስት ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ወንድሟ ወደኔ ዞረ። «ሰይድ፣ ምንድን ነው የገደላት? አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እኔ አላውቅም ማለት አልለመድሁም፤ በዚያ አገር አላውቅም ብዬ አላውቅም። የዘሀራ ዕቃ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ከላዩም ፓፉ ነበር። ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ።

«እንግዲህ» አልሁ፣ «ከሰው አገር የሚመጣ ነገር አለ። እኔ በእጄ ያልሰጠሁትን መድኃኒት አላምንም።»

ከዚህ በላይ አልተናገርሁም። ከዚህ በላይ ማለትም አላስፈለገም። የአሱር ሶላት ሳይደርስ ወሬው ሐይቁን ዞረው፤ በስልክ ጅዳ ገባ። የዘሀራ እኅት ሀዋ በስልክ ወደ ሉባባ ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ «በገዛ እጅሽ ላክሽላት!»

አንድ ነገር ለይቼ ልጻፍ። ያኔ የገደላት የጨመርሁላት ክኒን እንደሆነ አላወቅሁም። ፓፉ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠራሁ። ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ መደርደሪያው ባዶውን ነበር፤ ከካርቶን ቁራጭ ጀምሬ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ሽኝት ተደረገልኝ፣ ጋቢ ተሰጠኝ። ትዕግሥትም ስለ ሉባባ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። እንቅልፍ ነሣኝና በሳምንቱ ተመልሼ ስለ ጉበትና መድኃኒት የሚያወራ መጽሐፍ እንድታውሰኝ ጠየቅኋት። የትምህርት ቤት መጽሐፏን፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን፣ ሰጠችኝ። አንዱን ምዕራፍ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዓይን፣ ሌላ ሰው አይጨርሰውም ነበር።

እንዲህ ይላል። የምንውጠውን መድኃኒት ፈጭቶ የሚያስወግደው በብዛት ጉበት ነው። የጉበት ሴል ለዚህ ሥራ ኢንዛይሞች ይሠራል። እያንዳንዱ ኢንዛይም እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈው ዘረመል በሚባለው ላይ ነው፤ ሴሉ ግን የተጻፈውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አያነብም፣ ለጊዜው የሚያስፈልገውን እየመረጠ ያነባል። ሳንባ በበሽታ ሲቆጣ፣ ከበሽታው ጋር የሚዋጉት ሴሎች መልእክት ወደ ደም ይለቃሉ። ከነዚህ አንዱ ኢንተርሊኪን ስድስት ይባላል። መልእክቱ የጉበት ሴል ላይ ሲደርስ ትእዛዙ ዘረመሎቹ እስካሉበት እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ያኔ ሴሉ ለውጊያው የሚረዱ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩትን ዘረመሎች አብዝቶ ያነባል፤ መድኃኒት የሚፈጩትን ኢንዛይሞች የሚያሠሩትን ግን ማንበቡን ይቀንሳል።

እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። በሰፈር ኡኡታ ሲሰማ አራሹ ሞፈሩን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። በሬው አልሞተም፣ ማሳውም እንዳለ ነው፣ ሰውየው ግን እዚያ የለም። የዘሀራ ጉበት እንዲያ ነበር። ሳንባዋ ጮኸ፣ ጉበቷ ሮጠላት። ቴኦፊሊኑን የሚፈጭ ቀነሰ። ጧት የዋጠችው ሳያልቅ የማታው ይደረባል። ልቧ የደለቀው፣ እጇ የተንቀጠቀጠው፣ ያቅለሸለሻት በትኩሳቱ አልነበረም፤ የለመደችው ልክ በዝቶባት ነበር። መስኮቴ ላይ ቆማ በምልክቱ ሁሉ ነገረችኝ። እኔ ሦስተኛ ጨመርሁባት።

መጽሐፉን ከድኜ ቆርቆሮዎቹን አወረድሁ። የቴኦፊሊኑን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት። ትኩሳትና ኢንፌክሽን ባለ ጊዜ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ እንደማይወጣ፣ ልኩም መቀነስ እንዳለበት በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ያን ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በፊት ደርሼበት ነበር። አልገባኝምና ከጎኑ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አልፌዋለሁ። ጽሕፈቱ የኔ ነው። የጥያቄ ምልክት አሣሣሌ ይታወቃል።

ትዕግሥት ስሜን ሳታነሣ ለሉባባ እንድትነግራት ማድረግ እችል ነበር። አስቤዋለሁ። ከዚያ ራሴ ወደ ሱቋ ሄድሁ፣ ገና ስትከፍት። ከደጅ ሆኜ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፤ እንደ ቀዳዳ ወናፍ ነው። በርጩማ ሳበችልኝ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ደኅና ነዎት?»

«ስለ እናትሽ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ስለ እናቴ ምን ቀረ? ግማሹ አጀሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው ይለኛል፤ ግማሹ ዝም ብሎ ያየኛል።»

ነገርኋት። ስለ ሳንባው፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ መልእክቱ ማስረዳት ጀመርሁ። ሻርፕ እያጠፈች ነበር፤ አቆመች።

«ጉበቱን ይተዉት ጋሼ። ስንት ፍሬ ጨመሩላት?»

«አንድ። ለሁለት ቀን።»

«ፓፉስ?»

«ፓፉ ንጹሕ ነው። ቢያተርፋት የሚያተርፋት እሱ ነበር።»

«ያን ቀን፣ ለቅሶው ላይ፣ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?»

አንቱታዋን ጣለችው።

«አውቅ ነበር።»

ሻርፑን ወደ ቦታው መለሰችው። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። «አክስቴ ሀዋ» አለች በመጨረሻ፣ «ከመጣሁ ጀምሮ ከእጄ ምግብ ቀምሳ አታውቅም። በኢድ እንኳ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ደጇን ስጠርግ ኖርሁ።»

«አፉ በይኝ ልጄ።»

«አልልህም። ያኔ የተናገርኸው ሰው መሀል ነው፤ አሁን ለብቻዬ ሹክ ትለኛለህ? እዚያው ሂድና ተናገር። ከዚያ በፊት ያን ነገር አልስበውም። ብሞትም አልስበውም። ሰው ሁሉ የእናቷን ገዳይ አፏ ውስጥ አደረገች እያለ እያየኝ አልስበውም።»

ስሜን እንድሰጣት ነበር የጠየቀችኝ። ከስሜ ሌላ ምን አለኝ? መሬት የለኝም፣ ሹመት የለኝም። በእግሬ ስሄድ መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ሰዎች አሉኝ፤ ያ ነው ያለኝ። አራት ቀን ቤቴ ዋልሁ። በአምስተኛው ትዕግሥት ስልክ ደወለች፤ ሉባባን ዳግመኛ አፍኗት አምጥተዋት በኦክስጅን እንደ መለሷት ነገረችኝ።

ጁምዓ በዘሀራ ወንድም ቤት ለዱዓ ሰው ይሰበሰባል። ሄድሁ። ዱዓው ካለቀ በኋላ ተነሥቼ «ዘሀራን የገደላት ፓፉ አይደለም፤ እኔ የጨመርሁላት ክኒን ነው» አልሁ።

ማንም አላመነኝም።

«ሰይድ፣ አረጀህ መሰለኝ፣ ተቀመጥ» አለኝ አንዱ ሽማግሌ። «ማሻአላህ፣ ትሕትናው!» አለ ሌላው፣ «ልጅቱን ለማዳን ብሎ በራሱ ላይ ይዋሻል።» ወንድሟም እጄን ይዞ «አንተ አትሳሳትም ወንድሜ፤ አውቅሃለሁ» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዲለኝ የደከምሁበት ቃል ነው። እዚያ ቆሜ እየለመንሁ አፈረስሁት። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አረብ አገር ኖሮ እንግሊዝኛ ለሚያነብ አንድ ጎልማሳ ሰጠሁት። ጮክ ብሎ እያነበበ በአማርኛ ፈታው። «ይህ የጥያቄ ምልክት የማነው?» አለ።

«የኔ ነው።»

መጀመሪያ የተነሣችው ሀዋ ናት። ፊቴን አየችኝ፤ እንደዚያ የሚያየኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጫማዋን አድርጋ ወደ ሉባባ ቤት ወጣች። ወንድሟ እጄን የለቀቀው ያኔ ነው።

አሁን ሰው በመንገድ አያስቆመኝም። አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያያል። መድኃኒት ሊጠይቀኝ የሚመጣ የለም። አውቃለሁ፣ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ጋሽ ይማም ከሞተ ቆይቷል፤ አንብበህ ድረስበት ያለኝን የምነግረው ሰው የለኝም።

ሉባባ በማግስቱ ፓፉን ከትዕግሥት ወሰደች። አፉ አላለችኝም፣ ሰላምም አትለኝም። ጧት ጧት ወደ ገበያ ስሄድ እሷም ሱቋን ልትከፍት በዚያው መንገድ ትመጣለች። በፊት ከሩቅ በትንፋሿ ነበር የማውቃት። አሁን ከኋላዬ ስትመጣ ትንፋሿ አይሰማኝም፤ እሷ መሆኗን የማውቀው ካለፈችኝ በኋላ ነው።